ስክሪኑ የሚመሰክረው ምንድን ነው? የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ገጽ ታሪክና የብልሽት አፈላለግ ትምህርቱ

በአንድ ዘመናዊ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ኦፕሬተር፣ ከፈረቃው መጀመሪያ እስከ ፍጻሜው የሚያዝዛቸውን ቫልቮች፣ ፓምፖችና የማጠራቀሚያ ጋኖች በዓይኑ የሚያይበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። የሚያየው ከፊቱ የተቀመጠውን ስክሪን ነው። ፓምፑ በስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ከሆነ ይሠራል ብሎ ያምናል፤ በጋኑ ሥዕል ላይ 64 ከመቶ የሚል ቁጥር ከተጻፈ፣ ጋኑ ከግማሽ በላይ ሞልቷል ብሎ ይወስናል። በዚሁ እምነት ላይ ተመሥርቶ ቫልቭ ይከፍታል፣ ማሞቂያ ያጠፋል፣ ፈረቃውንም ለተተኪው ያስረክባል።

በአገራችን የሙግት ልማድ ያየ ምስክርና የሰማ ምስክር እኩል ሚዛን የላቸውም። የሰማው ምስክር ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ዳኛው «ከማን ሰማህ? መቼስ ሰማህ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀበለውም። የመቆጣጠሪያ ስክሪንም በተፈጥሮው የሰማ ምስክር ነው። ቫልቩን አላየም፤ የሚናገረው ከሌላ የተቀበለውን፣ ያም ሌላው ከሌላ የሰማውን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ምስክር ከማሽኑ እንዴት እየራቀ እንደመጣ በታሪክ መከታተል፣ እንዲሁም ዛሬ በብራውዘር አማካይነት የሚታዩት የኦፕሬተር ገጾች ሲበላሹ መሐንዲሱ ፍለጋውን ከየት መጀመር እንዳለበት ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ከቫልቩ እጀታ እስከ መቆጣጠሪያ ክፍል

በኢንዱስትሪ የመጀመሪያ ዘመን ኦፕሬተሩ የሚቆመው ከማሽኑ አጠገብ ነበር። የእንፋሎቱን ግፊት ማወቅ ሲፈልግ በቦይለሩ ላይ የተገጠመውን መለኪያ ያነባል፤ የውኃውን ከፍታ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ይመለከታል፤ ቫልቩን በእጁ ሲያዞር የፍሰቱን ድምፅ በጆሮው ይሰማል። በእሱና በነገሩ መካከል የገባ አስተርጓሚ አልነበረም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካዎች እየሰፉ ሲሄዱ ግን አንድ ሰው ሁሉን ቦታ ሊያዳርስ አልቻለም። ስለዚህ መለኪያዎቹ በቀጭን ቱቦ በሚተላለፍ የታመቀ አየር አማካይነት በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። የአየሩ መልእክት በካሬ ኢንች ከ3 እስከ 15 ፓውንድ ግፊት እንዲሆን ተለመደ። ኋላም ኤሌክትሪክ አየሩን ሲተካ፣ መልእክቱ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሚደርስ ኮረንቲ ይላክ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ጥበብ አለ። መሥፈርቱን ያወጡት ሰዎች ዜሮን በዜሮ አልወከሉም። ጋኑ ባዶ ሲሆን ሽቦው 4 ሚሊአምፔር ይይዛል፤ ሽቦው ከተቆረጠ ግን ኮረንቲው ዜሮ ይሆናል። በዚህም ምክንያት «ጋኑ ባዶ ነው» የሚለው ቃልና «ምንም የምሰማው የለም» የሚለው ቃል አንዱ ከሌላው ተለይተው ይታወቃሉ። መሐንዲሶች ይህን «ሕያው ዜሮ» ይሉታል። ባጭሩ የጥንቱ ሽቦ አለማወቁን የሚናገር ምስክር ነበር። አንባቢ ይህን ነጥብ ልብ እንዲል እንሻለን፤ ከዚህ በኋላ የምንተርከው ታሪክ በአብዛኛው ይህ ጥበብ እንዴት እንደተዘነጋ የሚያሳይ ነውና።

ትእዛዙን እንጂ ቫልቩን ያላየችው መብራት

መጋቢት 28 ቀን 1979 ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሊየር ኃይል ጣቢያ ሁለተኛው ሬአክተር ላይ አደጋ ደረሰ። የውኃ ማቅረቢያው በመቋረጡ ግፊት ጨመረ፤ ግፊቱን የሚያስተነፍሰው ቫልቭ እንደታቀደው ተከፈተ። ግፊቱ ሲወርድ ሊዘጋ ይገባው የነበረው ይኸው ቫልቭ ግን ተከፍቶ ቀረ።

በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ቫልቩን የምትመለከት አንዲት መብራት ነበረች፤ እሷም ጠፋች። ኦፕሬተሮቹ የመብራቷን መጥፋት የቫልቩ መዘጋት አድርገው ወሰዱት። መብራቷ ግን የተያያዘችው ከቫልቩ ጋር ሳይሆን ቫልቩን ከሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ጋር ነበር። ስለዚህ የመሰከረችው «ዝጋ የሚለው ትእዛዝ ተሰጥቷል» በማለት ብቻ ነበር። ትእዛዙ መፈጸሙን አላወቀችም፤ አላውቅምም አላለችም። ከሁለት ሰዓት በላይ ሌላው መዝጊያ ሳይዘጋ በመቆየቱ የማቀዝቀዣው ውኃ እያመለጠ ሄደ፤ የሬአክተሩም እምብርት በከፊል ቀለጠ።

በጆን ኬመኒ የሚመራው የፕሬዚዳንቱ መርማሪ ኮሚሽን ባቀረበው ሪፖርት፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች እንደተነሡ፣ ምልክቶቹን በወረቀት የሚያትመው የኮምፕዩተር መሣሪያም ከሁኔታው ከ2 ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ እንደነበር ተገልጿል። ስለዚህ በዚያ ሌሊት ሁለት ዓይነት የተሳሳቱ ምስክሮች ነበሩ ማለት ነው። አንዱ ያላየውን ያየ መሰለ፤ ሁለተኛው እውነቱን የተናገረው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። እነዚህ ሁለት ስሕተቶች በዛሬው ስክሪን ላይም በየዕለቱ የምናገኛቸው ናቸው።

ሰሌዳው በስክሪን ሲተካ

ከስሪ ማይል አይላንድ አደጋ ቀደም ብሎ የመሣሪያው ዓይነት መለወጥ ጀምሮ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በ1968 ባቀረበው ጥያቄ መነሻነት፣ በዲክ ሞርሊ የሚመራው ቡድን በ1969 ሞዲኮን 084 የተባለውን በፕሮግራም የሚታዘዝ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ዛሬ ፒ.ኤል.ሲ. የምንለውን መሣሪያ አስረከበ። በ1975 ደግሞ ሃኒዌል ቲ.ዲ.ሲ. 2000ን፣ የጃፓኑ ዮኮጋዋ ሴንተምን ለገበያ አቀረቡ። በነዚህ ሥርዓቶች ግድግዳ ሙሉ የነበረው ሰሌዳ በጥቂት ስክሪኖች ተተካ።

የተገኘው ጥቅም ብዙ ነው፤ የጠፋውም ቀላል አይደለም። በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ሁሉም መለኪያ በአንድ ጊዜ ይታይ ነበር። በስክሪኑ ላይ ግን ኦፕሬተሩ የሚያየው የከፈተውን ገጽ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ ለመጨመርም ቀድሞ አዲስ መብራትና አዲስ ሽቦ ያስፈልግ የነበረው፣ አሁን አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ በቂ ሆነ። ርካሽ የሆነ ነገር ይበዛል፤ የበዛ ማስጠንቀቂያም ሰሚ ያጣል።

በሐምሌ 24 ቀን 1994 በዌልስ በሚልፎርድ ሄቨን የነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ ሲደርስ፣ ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ገደማ በሁለት ኦፕሬተሮች ፊት 275 ማስጠንቀቂያዎች ተነሥተዋል። ለአደጋው መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ፣ ተዘግቶ የነበረ አንድ ቫልቭ በመቆጣጠሪያው ሥርዓት ላይ እንደተከፈተ ሆኖ መታየቱ ነው። የስሪ ማይል አይላንድ መብራት ከ15 ዓመት በኋላ በሌላ አገር በስክሪን ላይ ተደገመች ማለት ነው።

በመጋቢት 23 ቀን 2005 በቴክሳስ ሲቲ ማጣሪያ 15 ሰዎች ሲሞቱ 180 ሰዎች ቆሰሉ። እዚያም በአንድ የማጣሪያ ማማ ውስጥ ፈሳሹ ወደ 48 ሜትር ከፍታ ሲደርስ መለኪያው ከ3 ሜትር በታች መሆኑንና እየወረደም መሄዱን ያሳይ ነበር። ወደ ማማው የሚገባው ፍሰትና የሚወጣው ፍሰት በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ቢታዩ ኖሮ፣ የሚገባው እንጂ የሚወጣው አለመኖሩ በቀላሉ ይስተዋል ነበር። ሁለቱ ግን በተለያዩ ገጾች ላይ ተቀምጠው ነበር። እያንዳንዱ ምስክር ለብቻው ተሰማ፤ ፊት ለፊት የሚያጋጥማቸው ገጽ አልነበረም።

ብራውዘሩ ወደ ፋብሪካ ሲገባ

ብራውዘርና የኦፕሬተር ስክሪን መቀራረባቸው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በጄኔቫ አጠገብ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሊየር ምርምር ድርጅት ሰርን፣ በ1976 ሥራ ለጀመረው ታላቅ የቅንጣት ማፋጠኛው መቆጣጠሪያ ክፍል በጣት የሚነካ ስክሪን አሠርቶ ተጠቅሟል፤ የሠሩትም ፍራንክ ቤክና ቤንት ስቱምፔ ናቸው። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ስለ ድር ያቀረቡት የመጀመሪያ ሐሳብም የተጻፈው በዚሁ ድርጅት ውስጥ ነው። በ1993 ሰርን ድሩን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ትንንሽ የድር ሰርቨሮች በፒ.ኤል.ሲ. ውስጥ መካተት ጀመሩ። ፋብሪካዎች የወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። በየኮምፕዩተሩ ልዩ ፕሮግራም መጫንና የየኮምፕዩተሩን ፈቃድ መግዛት ቀረ፤ ማንኛውም ብራውዘር ያለው ኮምፕዩተር የኦፕሬተር ስክሪን ለመሆን በቃ። ዋና መሐንዲሱ በቢሮው፣ የጥገና ሠራተኛው በማሽኑ አጠገብ በእጅ ስልኩ ያንኑ ገጽ ሊያይ ቻለ።

ይሁን እንጂ በምስክሩና በነገሩ መካከል የነበረው ሰንሰለት በዚያው ልክ ረዘመ። የጋኑን ከፍታ የሚለካው ትራንስሚተር ለፒ.ኤል.ሲ. ይናገራል፤ ፒ.ኤል.ሲ.ው ለሰርቨሩ፣ ሰርቨሩ በኔትዎርክ ለብራውዘሩ፣ ብራውዘሩ ደግሞ ለኦፕሬተሩ ዓይን ይናገራል። ብራውዘር መጀመሪያ የተፈጠረው ሰነድ ለማንበብ ነው፤ ሰነድ ደግሞ አንዴ ከመጣ በኋላ ባለበት መቆየቱ ጉድለት ሳይሆን ጠባዩ ነው። የድር ቋንቋ ቀድሞ ብራውዘሩ ሲጠይቅ ብቻ ሰርቨሩ የሚመልስበት ነበር። ዌብሶኬት የተባለው ሁለቱም ወገን ባሻው ጊዜ የሚናገርበት መሥመር መሥፈርት ሆኖ የወጣው በ2011 ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ጉድለት ለመሙላት ሠሪዎች በብራውዘሩ ላይ ልዩ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን ለጠፉ። በ1995 የወጣው ጃቫ፣ ቀጥሎም ፍላሽ፣ እንዲሁም በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ብቻ የሚሠሩ ክፍሎች በብዙ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ነገር ግን የፋብሪካ መሣሪያ 20 እና 30 ዓመት እንዲያገለግል ሲገዛ፣ ብራውዘር የሚኖረው በወራት በሚቆጠር ዕድሜ ነው። ክሮም በ2015፣ ፋየርፎክስ በ2017 የጃቫን ተጨማሪ ፕሮግራም ማስተናገድ አቆሙ። ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጦ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮ እንዳይሠራ ታገደ፤ በዚያው ዕለት በቻይና በዳልያን የባቡር መሥመር የባቡሮችን መርሐ ግብር ለማየት የሚያገለግለው ገጽ ተቋርጦ፣ ሠራተኞቹ የቆየ የፍላሽ ቅጂ በመጫን ነበር የመለሱት። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በሰኔ 15 ቀን 2022 ከአገልግሎት ወጣ። በነዚህ ሁሉ አጋጣሚዎች ቫልቩም፣ ፓምፑም፣ ፒ.ኤል.ሲ.ውም ምንም አልሆኑም፤ የታመመው ምስክሩ ብቻ ነበር።

ብልሽትን ከሥሩ መፈለግ

ባዶ የሆነ ገጽ ያበሳጫል እንጂ አያታልልም። ኦፕሬተሩ ማየት እንዳልቻለ ያውቃልና ስልክ አንሥቶ የመስክ ሠራተኛውን ይጠይቃል። እጅግ አደገኛው ብልሽት ገጹ ሙሉ ሆኖ፣ ቀለሙም አምሮ፣ በላዩ ያለው ቁጥር ግን የሞተ ሲሆን ነው።

ይህን የሚያስረዳ አንድ አጋጣሚ ለመጥቀስ ያህል፦ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ ፋብሪካ የውኃ ጋን ከፍታ በብራውዘር ገጽ ላይ ለብዙ ሰዓት 64.2 ከመቶ ሆኖ ይታይ ነበር። ማስጠንቀቂያ አልተነሣም፤ በገጹ ጥግ ያለው ሰዓትም ሴኮንዶቹን እየቆጠረ ነበር። ነገሩን ያስተዋሉት የረጅም ጊዜ ልምድ የነበራቸው አንድ ኦፕሬተር ናቸው። ወደዚህ ጸሐፊ ዞረው «ልጄ፣ ውኃ እንዲህ ተገትሮ አይቆምም» አሉ። እውነትም ሕያው የሆነ መለኪያ የመጨረሻ አኃዙ ሳይነቃነቅ አይውልም። በጋኑ ጎን ያለው የመስተዋት ቱቦ ሲታይ ውኃው ከ30 ከመቶ በታች ወርዷል።

ፍለጋው የተካሄደው ሰንሰለቱን ከመካከሉ በመቁረጥ ነበር። በመጀመሪያ ፒ.ኤል.ሲ.ው ውስጥ ያለው ቁጥር በቀጥታ ተነበበ፤ ከመስተዋቱ ቱቦ ጋር ተስማማ። ስለዚህ ከትራንስሚተሩ እስከ ፒ.ኤል.ሲ. ያለው ግማሽ ሰንሰለት ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ ሰርቨሩ ተጠየቀ፤ እሱም ትክክለኛውን ቁጥር ይዟል። የቀረው ከሰርቨሩ እስከ ብራውዘሩ ያለው መሥመር ብቻ ነበር። ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ የኔትዎርኩ ማከፋፈያ እንደገና ተነሥቷል፤ በዚያን ጊዜ የተቋረጠውን መሥመር ገጹ እንደገና አልቀጠለውም። በላዩ የቀረው የመጨረሻው የሰማው ቁጥር ነበር። ሴኮንድ የሚቆጥረው ሰዓትም ከፒ.ኤል.ሲ.ው የመጣ ሳይሆን የዚያው የስክሪኑ ኮምፕዩተር የራሱ ሰዓት ነበር። በሌላ አነጋገር ምስክሩ ሞቶ ሳለ የልብ ትርታው ከሌላ ሰው ተበድሮ ይታይ ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። በተግባር ሲተረጐም የሚከተለውን ሥርዓት ይሰጣል። በመጀመሪያ ስክሪኑ የሚለውና በመስክ ያለው መለኪያ ይነጻጸሩ። ቀጥሎ የፒ.ኤል.ሲ.ው ቁጥር ይነበብ፤ እሱም ሐሰት ከሆነ ጥፋቱ ከትራንስሚተሩ፣ ከሽቦው ወይም ከልኬት ማስተካከያው ወገን ነው፤ እሱ እውነት ከሆነ ግን ወደ ስክሪኑ ወገን ይኬድ። እያንዳንዱ ፈተና የፍለጋውን ሜዳ በግማሽ ያሳንሳል። ብራውዘሩን ዘግቶ መክፈት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም፤ ገጹ ሲታደስ ብልሽቱ ለጊዜው ይጠፋልና፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

በስክሪኑ ወገን ሲደረስ ብራውዘሩ ራሱ ጥሩ መመርመሪያ አለው። እያንዳንዱ ጥያቄና መልስ ከነሰዓቱ የሚዘረዘርበት መስኮት በሁሉም የታወቁ ብራውዘሮች ውስጥ ይገኛል። መልሱ 401 ወይም 403 ከሆነ ነገሩ የመግቢያ ፈቃድ ነው፤ 404 ከሆነ የተጠየቀው ገጽ በቦታው የለም፤ 503 ከሆነ ሰርቨሩ ሥራ በዝቶበታል ወይም አገልግሎት አቋርጧል። በፒ.ኤል.ሲ. ውስጥ ያለ ትንሽ ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ጥቂት ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ከቢሮ ሆነው ገጹን ከፍተው የተዉ ሰዎች የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ቦታ ሊይዙበት ይችላሉ። ምንም አዲስ ጥያቄ ካልተዘረዘረ ደግሞ ገጹ መጠየቁን ትቷል። ከ2021 ወዲህ ክሮም ከዓይን የተሰወሩ ገጾች ደቂቃ ቆጣሪያቸው በደቂቃ አንዴ ብቻ እንዲሠራ ስለሚያደርግ፣ ከሌላ ገጽ በስተጀርባ የተቀመጠ የኦፕሬተር ገጽ ሲዘገይ ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም።

ሰዓትም ራሱን የቻለ የብልሽት ምንጭ ነው። የመሣሪያው ባትሪ ደክሞ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ፣ የብዙ መሣሪያዎች ሰዓት ወደ ጥር 1 ቀን 1970 ይመለሳል። ምሥጢራዊ ግንኙነት የሚጠይቀው ሰርቲፊኬት ግን የሚጸናበት ጊዜ የተወሰነ ነውና፣ ሰዓቱ የተሳሳተበት ኮምፕዩተር ደኅናውን ሰርቲፊኬት አልቀበልም ይላል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቦታ የሚሠራ መሐንዲስ ኔትዎርኩን ከመፈታታቱ በፊት የሁሉንም ሰዓት ማየት ይበጀዋል።

ከአላዋቂነት ሌላ ተንኮልም እንዳለ መዘንጋት አይገባም። በ2010 የተገኘው ስታክስኔት የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በኢራን በናታንዝ የሴንትሪፊዩጆችን ፍጥነትና ግፊት ሲያዛባ፣ አስቀድሞ የቀዳውን ደኅና መለኪያ ደጋግሞ ያቀርብ ነበር። ስክሪኑ ሁሉ ሰላም ነው እያለ ማሽኖቹ ይሰበሩ ነበር። የኦፕሬተር ገጽ በብራውዘር ስለተከፈተ ብቻ ለኢንተርኔት ክፍት መሆን እንደሌለበት ለማስገንዘብ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻም።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከመስተዋት ቱቦ እስከ ብራውዘር ያለውን ጉዞ ስንመለከት፣ ስክሪኑ ውብና ፈጣን በሆነ ቁጥር የጥንቱ 4 ሚሊአምፔር ይዞት የነበረው ቅንነት እየተዘነጋ መሄዱን እናያለን። ይህን ቅንነት መመለስ ግን ከባድ ወጪ አይጠይቅም። አዲስ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ሲገዛ በውሉ ውስጥ ጥቂት ነገሮችን ማስገባት ይበቃል። እያንዳንዱ ቁጥር ከተለካበት ሰዓትና ከጤንነቱ ምልክት ጋር ይምጣ። ግንኙነት በተቋረጠ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የቆመው ቁጥር ቀለሙን ይለውጥ ወይም ይሰረዝ። በገጹ ላይ የሚታየው ሰዓት የመቆጣጠሪያው እንጂ የስክሪኑ ኮምፕዩተር ሰዓት አይሁን። ትእዛዝና ፍጻሜ በተለያየ ምልክት ይታዩ፤ «ዝጋ ተብሏል» እና «ተዘግቷል» አንድ መብራት አይጋሩ። ገጹም ነገ ሊቀር በሚችል ተለጣፊ ፕሮግራም ላይ ሳይሆን በታወቁት የድር መሥፈርቶች ላይ ይሠራ።

ከዚህም ሌላ፣ በጋኑ ጎን ያለው የመስተዋት ቱቦና በቧንቧው ላይ ያለው የግፊት መለኪያ «ስክሪን አለን» ተብሎ መነቀል የለባቸውም። የሰማው ምስክር ሲጠረጠር የሚጠራው ያየው ምስክር እሱ ነውና። የፋብሪካ መሐንዲስ ከስክሪኑ ሁሉን አዋቂነት ሊጠብቅ አይገባውም፤ ሊጠይቀው የሚገባው፣ ያላወቀ ጊዜ ሳያፍር «አላውቅም» እንዲል ነው።